ጨርቅ ነው የምሸጠው፤ እገዳው እኔን በምን በኩል ያገኘኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ "ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ድርያ፣ ሽቲና ሻሽ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ የሚያገኙኝ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ሲታገድ ነፃ ቪፒኤን አስጭኜ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ እስካሁንም ስልኬ ላይ አለ። በቅርቡ አንድ ዘመዴ 'ኩባንያዎቹ መንግሥት አግዱ ያላቸውን ሲያግዱ የሰዉንም መረጃ አብረው ያስረክባሉ' አለኝ። እኔ ፖለቲካ አልጽፍም፣ አላነብም፤ ጨርቅ ነው የምሸጠው። እውነት እገዳ የእኔን የግል መረጃ ይነካል? ከ09 ወደ 07 ብቀይርስ ይሻለኛል?"

በድሬ ልማድ "አንቺ" ልበልሽ፤ እዚህ ከተማ "እርስዎ" የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ተቀይሟል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። መስመር ስዘረጋ፣ ሰርቨር ስጠግን፣ የተቋረጠ ኔትወርክ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሕጉንም የማነበው ሥራዬን ስለሚነካው ነው።

ዘመድሽ የነገረሽ ግማሽ እውነት ነው። ገጽ ማገድና የሰው መረጃ አሳልፎ መስጠት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውን የሸሸ ኩባንያ አለ፤ ሁለቱንም አንገቱን ደፍቶ የፈጸመም አለ። ለአንቺ ግን ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። ማንም ማንንም አሳልፎ ባይሰጥ እንኳ፣ ማገድ የሚባለው ሥራ ሳያዩ አይሠራም። የታገደውን ለማስቀረት ያልታገደውንም መመልከት ግድ ይላል። "ፖለቲካ አልጽፍም" ማለትሽ ከመታየት የማያድንሽ ለዚህ ነው።

በደንገጎ በኩል ሽቅብ ወደ መሀል አገር በአውቶቡስ ሄደሽ ታውቂ ይሆናል። ኬላ ላይ የሚፈለገው የአንድ ሰው ኮንትሮባንድ ነው፤ የሚወርደው ግን ተሳፋሪው ሁሉ፣ የሚከፈተውም ሻንጣው ሁሉ ነው። ፈታሹ የአያትሽን የጸሎት መጽሐፍና የውስጥ ልብስ ማየት ፈልጎ አይደለም፤ ያን ሳያይ ግን የሚፈልገውን አያገኝም። የአውቶቡሱ ፈታሽ ይደክመዋል፣ ምሳ ይበላል፣ ያየውንም እስከ ማታ ይረሳል። የኔትወርኩ ፈታሽ አይደክምም፣ አይረሳምም። ያየውን በሰዓትና በደቂቃ መዝገብ ላይ ማስፈር ይችላል፤ መዝገቡ ደግሞ ከእገዳው በኋላም ይኖራል።

እንዴት እንደሚያይ ልንገርሽ። ስልክሽ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የገጹን ስም ይዞ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ልክ የስልክ ማውጫ እንደ መግለጥ ነው። ዲኤንኤስ ይባላል። አብዛኛው ሰው ይህን ጥያቄ የሚያቀርበው፣ ሳያውቀው፣ ለኢንተርኔት አቅራቢው ነው። አግድ የተባለ አቅራቢ እዚሁ ላይ "እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም" ብሎ መዋሸት ይችላል። ከእገዳ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ነገር ግን በአንዱ ስም ላይ ለመዋሸት የሁሉንም ጥያቄ መስማት አለበት።

ቱርክ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ትዊተርን ስታግድ፣ የኢስታንቡል ወጣቶች የጉግልን የዲኤንኤስ ቁጥር፣ አራት ስምንቶችን፣ በቀለም ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። መልእክቱ "የአገር ቤቱን ማውጫ ተዉት፣ ጉግልን ጠይቁ" ነው። ለጥቂት ቀናት ሠራ። ከዚያ የአገሪቱ አቅራቢዎች ወደ ጉግል የሚሄደውን ጥያቄ መንገድ ላይ እየጠለፉ በጉግል ስም ራሳቸው መመለስ ጀመሩ፤ ጉግልም ይህን አረጋግጦ ተናገረ። ከእገዳው ያመለጠ የመሰለው ሰው ጥያቄውን ያቀርብ የነበረው ከሸሸው ሰው ዘንድ ነበር። ነፃ ቪፒኤንሽ ላይ ስንደርስ ይህን ታሪክ አስታውሺልኝ።

ሁለተኛው ማያ ቦታ ጠለቅ ያለ ነው። ባለፈው ሰሞን ለሁለት ተለማማጆቼ በዓይናቸው አሳይቻቸዋለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ ሱቁን ከውስጥ ዘግተን ማራገቢያው ሥር ተቀምጠናል። በመስመር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚያሳይ ዋየርሻርክ የሚባል ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩና አንደኛውን ልጅ በስልኩ የፈለገውን እንዲከፍት ነገርኩት። ከሚከፍታቸው መካከል ስለ ስኳር በሽታ የሚጽፍ የጤና ገጽ ነበረበት። ገጹ ቁልፍ ምልክት ያለው፣ የተመሰጠረ ነው፤ ልጁም "ምንም አታይም" ብሎ ሳቀብኝ። እውነትም ያነበበው አልታየኝም፤ ስክሪኑን የሞላው ትርጉም የለሽ ፊደልና ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ፓኬት (መረጃ ተቆራርሶ ከሚላክባቸው ቁራጮች አንዱን)፣ ስልኩ ለሰርቨሩ የሚያቀርባትን ሰላምታ፣ ከፍቼ ሳሳየው ግን በዚያ ሁሉ ድንግርግር መሀል የጤና ገጹ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሰዓቱ አለ። የስልኩ አድራሻ አለ። ምን ያህል እንደወሰደ አለ። ልጁ ዝም ካለ በኋላ "እናቴ ስኳር አለባት" አለኝ። እኔ ያንን አልጠየቅሁትም፤ ፓኬቷም አልነገረችኝም፤ ግን ለመገመት ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ይህችን ስም እያነበበ የሚያሳልፍና የሚያስቀር መሣሪያ አለ። ባለሙያዎቹ የፓኬት ጥልቅ ፍተሻ ይሉታል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ኦኒ የተባለው የኔትወርክ መለኪያ ቡድን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ባወጡት ሪፖርት፣ በእኛም አገር በዚያ ዓመት ዋትስአፕና ሌሎች ገጾች ሲታገዱ የዚህ መሣሪያ አሻራ እንዳገኙ ገልጸዋል። መሣሪያው በራሱ ሰይጣን አይደለም፤ መጨናነቅን ለማስተካከልና ጥቃትን ለመከላከል በመላው ዓለም ይሠራበታል። ነገር ግን ለማገድ የተገዛው ዕቃ ለመመዝገብ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም፤ አንድ ቅንብር መቀየር ይበቃዋል። ያችን የሰላምታ ፓኬት የሚሸፍን አዲስ አሠራር እየመጣ ነው፤ ቻይና የመጀመሪያውን ዓይነት በ2020 መስመር ላይ ስታየው ቶሎ ብላ ዘጋችው። ማየት ካልቻለች ማገድ እንደማትችል ስለምታውቅ ነው።

አሁን ወደ ዘመድሽ ነገር፣ ወደ ኩባንያዎቹ ልምጣ።

ሺ ታኦ የተባለ ቻይናዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የቲያናንመን አደባባይ ግድያ 15ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ጋዜጠኞች ምን እንዳይዘግቡ እንደታዘዙ የሚገልጸውን መመሪያ በያሁ ኢሜይሉ ወደ ውጭ አገር ላከ። ስሙን አልጻፈም። የቻይና ባለሥልጣናት ያሁን ጠየቁ፤ ያሁም የኢሜይሉ ባለቤት ከየት እንደገባ የሚያሳየውን መረጃ ሰጠ። በ2005 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የተፈታው በ2013 ነው። ኩባንያው "የአገሩን ሕግ አከበርን፣ ለምን እንደተፈለገም አናውቅም ነበር" አለ። የመጣለት ደብዳቤ ግን ጉዳዩን ከመንግሥት ምስጢር ጋር አያይዞ ጠቅሶ እንደነበር በኋላ ታወቀ። በ2007 ከያሁ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጄሪ ያንግ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ከኋላው ለተቀመጡት ለጋዜጠኛው እናት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሳ የሚቆጣው መረጃው በተሰጠበት ቀን ላይ ነው። እኔ የምቆጣው በቀደመው ቀን ላይ ነው፤ የሰው ማኅደር ትእዛዙ ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ እዚያው ቻይና ውስጥ፣ እንዲቀመጥ በተወሰነበት ቀን። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ሲመጣ እምቢ የሚል ተራ ሠራተኛ ማግኘት ተአምር ነው፤ ሠራተኛውም ቤተሰብ አለው። ጉግል በ2006 ሳንሱር የተደረገበት የፍለጋ ገጽ ይዞ ቻይና ሲገባ ከዚህ ተምሯል፦ ውጤቶችን ቆርጦ አወጣ፣ ከሥር "አንዳንድ ውጤቶች ወጥተዋል" ብሎ ጻፈ፣ ጂሜይልን ግን ይዞ አልገባም። ማገዱን ተቀበለ፣ ማኅደሩን ከበሩ ውጭ ተወ። አላሞግሰውም፤ ዘመድሽ አንድ ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች እንደሚለያዩ ግን ያሳያል። በ2010 የመብት ተሟጋቾችን የጂሜይል ሣጥን ዒላማ ያደረገ ሰርጎ ገብነት ከደረሰበት በኋላ የፍለጋ ገጹን ወደ ሆንግ ኮንግ አዞረው።

ለአንቺ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስካይፕ ነው። በቻይና ስካይፕ ይቀርብ የነበረው ቶም በተባለ የአገር ውስጥ ኩባንያ ሽርክና፣ ለብቻው በተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የተከለከሉ ቃላት ያሉበትን የጽሑፍ መልእክት እንደሚያስቀር ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ተመራማሪ ናርት ቪልኑቭ ሌላ ነገር አገኘ፦ የተያዙት መልእክቶች ከላኪዎቹ መለያ ስምና ከኢንተርኔት አድራሻቸው ጋር እየተገለበጡ በሰርቨሮች ላይ ይከማቹ ነበር፤ ሰርቨሮቹም በቅጡ አልተቆለፉም፤ ከውጭ የሞከረ ሰው ይገባባቸዋል። ወንፊቱ ሥር ጆንያ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ጆንያው ደግሞ ቀዳዳ ነበር። መዝገቡ ውስጥ የቻይና ነዋሪዎች ብቻ አልነበሩም። በሌላ አገር ሆኖ መደበኛውን ስካይፕ እየተጠቀመ፣ ከቻይና ሰው ጋር የተጻጻፈም ገብቶበታል። አንቺ ከጅቡቲ ወይም ከጅዳ ካለች ዘመድሽ ጋር ስታወሪ የእሷ አገር እገዳ የአንቺንም ነገር ይዞ ይቀራል፤ የአንቺ አገርም የእሷን።

አፕልን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቻይናው የመተግበሪያ መደብሩ ቪፒኤኖችን አወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2018 የቻይና ደንበኞቹን የአይክላውድ ማኅደር ጉይጆ ግዛት ውስጥ ላለ ኩባንያ አዛወረ፤ የምስጠራ ቁልፎቹም እዚያው አገር ገቡ። ቁልፉ የት ነው የሚለው ጥያቄ "ተመስጥሯል" ከሚለው ማስታወቂያ ይበልጣል።

"ታዲያ ጥለው አይወጡም?" የሚል አለ። ቴሌኖር የተባለው የኖርዌይ ቴሌኮም ከ2021 የምያንማር መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ያንን አደረገ፤ ቅርንጫፉን በ105 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ በ2022 ወጣ። ሲም ካርዱ ግን ከነመዝገቡ ነው የተሸጠው። ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ደንበኛ፣ ማን ለማን መቼ እንደደወለ፣ አዲስ ባለቤት እጅ ገባ። የአገሬው ሰዎች ሽያጩን ለማስቆም እስከ ኖርዌይ ድረስ የጮሁት ለዚህ ነው። ኩባንያ ይወጣል፤ መዝገብ አይወጣም።

የአገራችንን ነገር ብዙዎች በስሜት ያወሩታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይላል፤ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ከሥሩ ያሉትን አዋጆች ስታነቢ ደግሞ የእኔ ዓይነት ሠራተኛ የሚያያቸው ቁጥሮች አሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል። የትራፊክ ዳታ ማለት ቅድም ላፕቶፔ ላይ ያየነው ነው፦ ከየት፣ ወዴት፣ መቼ፣ ምን ያህል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በምስጢር እንዲያዝ ይላል፤ ግንኙነትን በቀጥታ ለመጥለፍም የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ለአስቸኳይ ሁኔታ ግን ያለ ፈቃድ የሚገባባት ጠባብ በር ትቷል። ጠባብ በር የሚሰፋው በአናጢ አይደለም፤ በሚገባበት ሰው ብዛት ነው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። የአዋጁን ምክንያት አልንቅም፤ አንድ የፌስቡክ ወሬ ሰፈርን ከሰፈር እንደሚያጋጭ ድሬ ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሰዓቱን ገደብ ግን እንደ ቴክኒክ ሰው ተመልከቺው። በ24 ሰዓት ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የተጻፈውን አንብቦ የሚፈርድ ሰው የሚቀጥር ኩባንያ ጥቂት ነው። የሚቀጥረው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ የተጠቆመውን ብቻ አያነብም፤ እንዲማር ሁሉንም ያነባል፣ የተጠራጠረውንም ከጻፈው ሰው ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። "የእሳት እራት የመሰለ ድርያ" ብለሽ ያወጣሽው ማስታወቂያ "እሳት" ስላለበት ቢወርድ አይግረምሽ።

መንግሥት የሚያቀርበው ምክንያት ባዶ ነው አልልም። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ፈተናውን ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ የተዘጋው ግን ከፈተናው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የጨርቅ ነጋዴ መስመር ነው። ሰኔ 2012 ላይ ለሳምንታት ኢንተርኔቱ እንዳለ ሲቋረጥ፣ እንግዳ ቢመስልሽም፣ ለግላዊነት ያ ከተመረጠው እገዳ የተሻለ ነበር፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የሚታይም የሚመዘገብም የለም። ለኑሮ ግን የከፋ ነበር፤ የዚያን ክረምት ኪሳራ ለአንቺ አልነግርሽም። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ የቆየው ግን የተመረጠ እገዳ ነበር፦ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው። መለየት ማለት ደግሞ መመልከት ማለት ነው ብያለሁ።

ስለ 07። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ከአዲስ አበባ ቀድሞ እዚሁ ድሬዳዋ ሲጀምር እኔም ተሰልፌ ሲም ገዝቻለሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከአዲስ አበባ መቅደማችን ደስ ብሎኝ ነበር። ውድድሩ ለዋጋና ለፍጥነት ጠቅሟል። ለጥያቄሽ ግን ለውጥ የለውም። ሁለቱም ኦፕሬተሮች ፈቃዳቸውን ያገኙት ከአንድ መንግሥት ነው፤ የሚገዛቸውም አንድ ሕግ ነው፤ ሲም ስትገዢ ሁለቱም መታወቂያሽን ይመዘግባሉ። በዚህ ዓለም ላይ "አናግድም" ብሎ ፈቃዱን ይዞ የቆየ ቴሌኮም አላውቅም። ምርጫሽን በኔትወርክ ጥራትና በጥቅል ዋጋ አድርጊ።

አሁን ስልክሽ ላይ ወደ ተቀመጠው ቪፒኤን። በመላ ጥያቄሽ ውስጥ በእውነት ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቪፒኤን ስትከፍቺ ከቴሌኮምሽ ትደበቂያለሽ፤ ቴሌኮሙ ያይ የነበረውን ዝርዝር ሁሉ ግን የቪፒኤኑ ባለቤት ያየዋል። አመኔታሽን ከአንድ ቤት አንሥተሽ ወደ ሌላ ቤት ወሰድሽ እንጂ አልሸሸግሽውም። የመጀመሪያውን ቤት ቢያንስ ታውቂዋለሽ፤ ጽሕፈት ቤት አለው፣ ሕግ አለበት፣ ልትከሺው ትችያለሽ። የሁለተኛው ባለቤት ማን ነው? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ "መረጃዎን ይጠብቃል" እያለ ነፃ ቪፒኤን ያድል ነበር። በእሱ በኩል ሰዉ የትኛውን መተግበሪያ ለስንት ደቂቃ እንደሚጠቀም እየለቀመ ለንግዱ ይጠቀምበት ነበር። አፕል በ2018 ከመደብሩ አስወጣው፤ በ2023 ደግሞ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ይህን ሳይናገሩ ስለቀሩ የኩባንያውን ሁለት ቅርንጫፎች 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። ስሙ የሚታወቅ ኩባንያ እንዲህ ካደረገ፣ ስሙ የማይታወቀው ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉታል።

በዚያ የ2015 የካቲት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የነበረውን ግርግር አትረሺውም። ሰው ስልክ ጠጋኞች ደጃፍ ተሰልፎ ቪፒኤን ያስጭን ነበር። ፋይሉ ከመተግበሪያ መደብር አይደለም የሚመጣው፤ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ነው፤ ጠጋኙ ከጓደኛው፣ ጓደኛው ከሌላ ጓደኛ። ከወራት በኋላ አንዲት ሴት "ባትሪዬን ይበላብኛል" ብላ ስልኳን አመጣችልኝ። ቪፒኤኑ የተፈቀደለትን ዝርዝር ስከፍት የስም ዝርዝሯን ማንበብ ተፈቅዶለታል፤ አጭር መልእክቷን ማንበብ ተፈቅዶለታል፤ ቦታዋን ማወቅ ተፈቅዶለታል። የኢንተርኔት መስመር የሚያዞር ፕሮግራም አጭር መልእክት የሚያነብበት አንድም ምክንያት የለውም። የባንኳና የቴሌብሯ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው ደግሞ በአጭር መልእክት ነው። ምን እንደወሰደባት አላወቅንም። አጠፋሁላት፤ ባትሪዋም ቀኑን ሙሉ መቆየት ጀመረ።

ይህን ጉዳት በእገዳው ሒሳብ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ያቺ ሴት ማንም አልሰለላት ይሆናል፤ የታዘዘም ያዘዘም የለም ይሆናል። መስመሩ ባይዘጋ ግን ያንን ፋይል አታስጭንም ነበር።

እንግዲህ አጥፊው። ከማጥፋትሽ በፊት በስልክሽ ቅንብር ውስጥ ቪፒኤን የሚለውን ገጽ ከፍተሽ የተመዘገበውን ግንኙነት ሰርዢ፤ አንዳንዱ መተግበሪያው ጠፍቶም እዚያ ይቀራል። ከዚያ የቴሌግራምና የኢሜይል ይለፍ ቃልሽን ቀይሪ፤ በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ሌላ ስልክ ላይ የተከፈተ አካውንት እንዳለ ተመልከቺና የማታውቂውን ዝጊው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሪ። ነገ ቪፒኤን ግድ ቢልሽ ገንዘብ የሚከፈልበት፣ ባለቤቱ በስም የሚታወቅ፣ ገለልተኛ መርማሪ ያየው ይሁን፤ ከመደብሩ ራስሽ አውርጂው።

ቴሌግራም ስለምትጠቀሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው በስህተት ያምነዋል። ተራው የቴሌግራም ጭውውት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ ምስጢራዊ ጭውውት የሚለውን ካልመረጥሽ በቀር። እ.ኤ.አ. በ2024 መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ኩባንያው በሕጋዊ ጥያቄ የሕግ ተላላፊዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ መመሪያውን ቀይሯል። ዋትስአፕ መልእክቱን ከ2016 ጀምሮ ይመሰጥራል፤ ወደ ጉግል ድራይቭ የሚቀመጠው ቅጂ ግን የቅጂውን ምስጠራ ራስሽ ካላበራሽ አይሸፈንም። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በ2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ስለ አንድ ተጠቃሚ ያለውን ሁሉ እንዲያቀርብ ሲያዘው ያቀረበው ሁለት ቀናት ብቻ ነበር፦ አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን። አልደበቀም፤ ሌላ ነገር አላስቀመጠም ነበር። ድርያ በሲግናል ሽጪ አልልሽም፤ ገዢው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። የቤተሰብ ነገርሽን ግን ከገበያው ለይው።

የመጨረሻው ነገር ያልጠየቅሽኝ ነው። የአንቺን መረጃ ማን ይይዛል ብለሽ ጻፍሽ፤ አንቺ የያዝሽው የሰው መረጃስ? ድሬ ውስጥ የማያቸው የልብስ ቻናሎች ሁሉ አንድ ልማድ አላቸው፤ ታማኝነታቸውን ለማሳየት የደንበኛን የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ አንሥተው "ደርሷል፣ እናመሰግናለን" ብለው ይለጥፋሉ። ደረሰኙ ላይ ሙሉ ስም አለ፤ አንዳንዴ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ "ሳቢያን፣ ከመስጊዱ ጀርባ" የሚል የማድረሻ ምልክት። ያንን ለማየት ትእዛዝ የሚያስፈልገው የለም፤ ቻናሉ ክፍት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ጠባቂ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ርዝመቱን ስታዪ ለከዚራ ሱቅ የተጻፈ ላይመስልሽ ይችላል፤ ደንበኞችሽ ግን ለጥያቄሽ የሰጠሁትን መልስ ቢያነቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንቺን ነው።

የአንቺም ቻናል እንደ ሌሎቹ ከሆነ ዛሬ ማታ ወደ ላይ እየገለበጥሽ ደረሰኞቹን አጥፊ። የ2015ቶቹም እዚያው አሉ።